መጽሐፍና ጉርሻ

ፍቅርተ መጽሐፉን ከፈተችው፤ አንድ አንቀጽ አነበበችና ዘጋችው። ተነሥታ መስኮቱን ከፈተች። ዝናቡ ሲገባ መልሳ ዘጋችው። ከዚያም ሳይጠማት ውሃ ጠጣች። ጋምቤላ በነሐሴ እንዲህ ናት፤ አባራ ሲሉት ይዘንባል፣ ቀዘቀዘ ሲሉት ይወብቃል። ፍቅርተን አላስቀምጥ ያላት ግን የአየሩ ጠባይ አልነበረም። ጠረጴዛዋ ላይ የዝውውር ደብዳቤ ተቀምጧል። ወንድሟ ወንዳፈረው ደጅ ጠንቶ ያስፈጸመው ነው፤ ነሐሴ ሳያልቅ ርክክብ ጨርሳ ወደ ትውልድ ከተማዋ ወደ ጎሬ እንድትመለስ ያዝዛል። ዝውውሩን የጠየቀችው እሷው ራሷ ናት፣ ከሁለት ዓመት በፊት። ያኔ ከዚህች ከተማ የሚያወጣት ከተገኘ በጭነት መኪና ጣሪያ ላይም ቢሆን ትሄድ ነበር። አሁን የለመነችው መጣላትና እንቅልፍ አሳጣት።

ለምን እንደሆነ ከእናንተ የሚሰወር አይደለም። ታሪኩን ገና ዛሬ ለምትጀምሩት ግን ከሥሩ ላንሣው።

ፍቅርተ የአማርኛ መምህርት ናት። በልጅነቷ መጽሐፍ ከእጇ አይለይም ነበር፤ ስኳር የተጠቀለለበትን ወረቀት እንኳ ሳታነብ አትጥልም። በኋላ ግን ከአብዮቱ ጋር የውይይት ክበብ የሚባል ነገር መጣ። ድምፅሽ ያምራል ተብላ በየሳምንቱ ያንን ወፍራም የፖለቲካ ጽሑፍ ለተሰበሰበው ሠራተኛ ጮክ ብላ እንድታነብ ተፈረደባት። ሰሚው ያንቀላፋል፣ እሷ ታነባለች። ያ ሥርዓት የወደቀ ጊዜ የንባብ ፍቅሯም አብሮ ወድቆ ተገኘ። መጽሐፍ ስትይዝ ዓይኗ መስመሩን ይከተላል፣ ልቧ አይከተልም። እንዲህም ሆና ተማሪዎቿን «አንብቡ» እያለች መምከሯን አላቆመችም። አንድ ቀን የሒሳብ መምህርቷ ኛሪየክ በጨዋታ መካከል «አንቺስ አሁን ምን ታነቢያለሽ?» ብትላት ወሬ ለወጠች። እፍረቱ ቤቷ ድረስ ተከትሏት ገባ።

መስከረም ሲጠባ ለራሷ ቃል ገባች፤ እስከ መጪው እንቁጣጣሽ በወር ሁለት መጽሐፍ። ለማንም አልማለችም፣ የሚጠይቃትም የለም። እንዲህ ያለውን ቃል ማፍረስ ቀላል ስለሆነ ይመስለኛል አጥብቃ የያዘችው።

ችግሩ መጽሐፉ ከወዴት ይምጣ ነው። ጋምቤላ ክልል ከሆነች ገና ቅርቧ ነው። ማኅተሙ አዲስ፣ ወንበሩ አዲስ፣ ሹሙ አዲስ፤ መጽሐፍ የሚሸጥ ግን አልነበረም። ኛሪየክ ዘዴውን ነገረቻት። ምክር ቤት ሂጂ አለቻት፤ ኑዌርኛውን ወደ አማርኛ፣ አማርኛውን ወደ ኑዌርኛ የሚያስተረጉም ጩዎል የሚባል ሰው አለ፣ ቤቱ ሣጥን ሙሉ መጽሐፍ አለው።

ጩዎል ረጅም ሰው ነው፤ ዝምታውም እንደ ቁመቱ ነው። የሰውን ነገር ቀኑን ሙሉ ከቋንቋ ወደ ቋንቋ ሲያሻግር ውሎ የራሱን ነገር ሳይናገር ይገባል። አማርኛን የተማረው ከመጽሐፍ ስለሆነ ሻይ ሲያዝ እንኳ አዋጅ የሚያነብ ይመስላል። መጻሕፍቱን ያገኘው ከደገኛ ሠራተኞች ነው፤ ተዛውሮ የሚሄድ ሁሉ ሻንጣው ሲከብደው ለእሱ ይተውለታል። «እዚህ ከተማ ሰው ይሄዳል፣ መጽሐፉ ይቀራል» ብሏታል አንድ ጊዜ፣ ሣጥኑን እየዘጋ።

የመጀመሪያውን መጽሐፍ ሲያውሳት መጨረሻውን ገለጥ አድርጋ ለማየት ሞከረች። ጣቱን ገጹ ላይ አሳረፈና ከለከላት። «መጨረሻውን ቀድሞ ማየት ሰው እየተናገረ ማቋረጥ ነው» አላት። እሷ አስተማሪዋ፣ እሱ ሁለተኛ ቋንቋው የሆነው፤ ግን ደስ አላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሑድ እሑድ ከሰዓት ባሮ ዳር ማንጎው ሥር እየተገናኙ ስላነበቡት ያወሩ ጀመር። እሱ ቀስ ብሎ ያነባል፣ ባለፈው ገጽ ላይ የሞተውን ሰው ዛሬም ያዝንለታል። እሷ ትቸኩላለች፣ ትፈርዳለች፣ ባለታሪኩን ትሳደባለች። ሲከራከሩ ዓይን ለዓይን ይጋጩና ሁለቱም ወደ ወንዙ ይዞራሉ። መጽሐፉ አልቆ ወሬው አላልቅ ማለቱን ኛሪየክ ከሁለቱም በፊት ነው ያወቀችው።

እንግዲህ ይህ ሁሉ እስከ ፋሲካ ነው።

ለፋሲካ ቤቷ ጠራችው። ያከራየቻት ሴትዮ እሙዬ፣ ከአቦቦ የመጡ ሁለት መምህራን፣ ጎረቤቶች ነበሩ። ዶሮውን ራሷ ሠርታ፣ ሁለት ጊዜ ቀምሳ፣ ሦስተኛውን ፈርታ ነው ያቀረበችው። ጩዎል ነጭ ሸሚዙን ለብሶ መጣ፣ ተቀመጠ፣ እጁን ታጠበ፤ አልበላም። ብላ ብትለው «ይበቃኛል» አለ፣ ሳይጀምር። በመጨረሻ ደገኛ ሴት ለምትወደው ሰው የምታደርገውን አደረገች፤ ጠቅልላ ጉርሻ ወደ አፉ ዘረጋች። ጩዎል ፊቱን አዞረ።

እጇ አየር ላይ ቀረ። ይህ ሰው ሻይ ቤት ከወንድ ጓደኞቹ ጋር እየሳቀ ሲበላ በዓይኗ አይታዋለች፤ ስለዚህ ሆዱ አይደለም እምቢ ያለው። እንግዶቹ ከወጡ በኋላ እሙዬ ሳህን እያጠበች፣ እጅሽን ተጸይፎ ነው ልጄ፣ ያልጠረጠረ ተመነጠረ አለቻት። ፍቅርተም አመነች። ሰው በቆሰለ ጊዜ የሚነግሩትን ሁሉ ያምናል። በማግሥቱ ጩዎል መጽሐፍ ይዞ ሲመጣ የለችም አስባለችው። በሦስተኛው ቀንም እንደዚያው። ከዚያ በኋላ አልመጣም። ለኛሪየክ ያለቻት ተጣላን ብቻ ነው፤ ጉርሻ ተመለሰብኝ ብሎ ማውራት ከመመለሱ የባሰ ውርደት ነው።

ቃሏን ግን አላጠፈችም፤ ያለ እሱም አነባለሁ አለች። መጀመሪያ በእልህ ነበር። ከቄሱ ተዋሰች፣ ከጤና ጣቢያ ተዋሰች፣ ቀበሌው መጋዘን ውስጥ ምስጥ የጀመረውን አራግፋ ወሰደች። እልህ ደግሞ ክፉ አስተማሪ አይደለም። ሰኔ ላይ አንድ ቀን ሽሮ ጥዳ መጽሐፍ ይዛ ተቀመጠች። የተነሣችው ድስቱ አርሮ እሙዬ ከጓሮ ስትጮህ ነው። ሽሮው ከስሏል፣ ቤቱ ጨሷል፣ እሷ ጣቷን ገጹ መካከል እንደሰካች ትስቃለች። ያቺ የጎሬዋ ልጅ ተመልሳ ነበር፤ የስኳር ወረቀት የምታነበዋ። ማንም አልሰጣትም፣ ማንም አይወስድባትም። ይህን ልትነግረው የፈለገችው ሰው አንድ ብቻ ነበር።

ከዚያ ሐምሌ ላይ የዝውውሩ ደብዳቤ መጣ፤ ቅድም ካየነው መንቆራጠጥም ላይ ጣላት። ወደ አልጋ ትሄዳለች፣ ወደ በሩ ትሄዳለች። ቃል ከገባችው የቀሯት ሁለት መጻሕፍት ናቸው፤ የቀራት ቀን ደግሞ ከዚያም ያነሰ መሰላት።

ፍልሰታ ሳይፈታ አንድ ቅዳሜ ከቅዳሴ ተመልሳ የጾም ሽሮዋን ልትቀምስ ስትቀመጥ በሩ ተንኳኳ። ጩዎል ነው። ዝናብ መትቶታል። በብብቱ በላስቲክ የጠቀለለው መጽሐፍ ይዟል። ልትዘጋበት ትችል ነበር፤ እጇ አልታዘዘላትም። ገብቶ ተቀመጠ። ዝውውርሽ እንደተፈጸመ ቢሮ ሰማሁ አላት፣ መልካም ነው አላት። መጽሐፉንም ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ቀጥሎ ያደረገውን ፍቅርተ ልታምን አልቻለችም። እጁን ታጠበና ወደ ገበታው ቀረበ።

«ልብላ» አላት።

በላ። ዓይኗ እያየ፣ ጎንበስ ብሎ፣ መድኃኒት እንደሚውጥ ሰው ቀስ እያለ በላ። ሁለት ጊዜ ቆም አለ፣ መልሶ ቀጠለ። ፍቅርተ የራሷን መብላት ረሳች። አልተጸየፈኝም፣ አልተጸየፈኝም ትላለች በልቧ። ሲጨርስ ተነሣ፣ ግንባሩ ላይ የተበጡት የወንድነት መስመሮች በወዝ ረጥበው ያበሩ ነበር። በሰላም ግቢ አላትና ወጣ። ደስታ ደንቆሮ ያደርጋል፤ የመሰናበቻ ቃል መሆኑን እንኳ አላስተዋለችም።

ሳምንቱን እንዲህ በደስታ ሰክራ ከረመች። ዝውውሩን ልተወው ይሆን እያለች ከራሷ ጋር ስትከራከር ሰነበተች። ፍልሰታ ተፈትቶ ቅዳሜ ኛሪየክ ቤት ሄደች፤ ሆድ ሲሞላ አፍ አይዘጋምና ያን ሁሉ ጊዜ የደበቀችውን የፋሲካውን ጉርሻ ጭምር ዘክዝካ ነገረቻት። የመጨረሻውን ስትነግራት እየሳቀች ነበር። ኛሪየክ ግን አልሳቀችም። የያዘችውን ኩባያ ቀስ ብላ አስቀመጠች።

«አንቺ ፊት በላ?» አለች።

«ጨርሶ ነው የተነሣው።»

ኛሪየክ ተማሪ እንደምታስረዳ ዘርዝራ ነገረቻት። በእኛ በኑዌሮች ዘንድ ወንድ ልጅ ግንባሩ ላይ ምልክቱን ካወጣ በኋላ ሊያገባት በምትችል ሴት ፊት አይበላም፣ ነውር ነው። የሚበላው ከወንዶች ጋር ነው። እናቱና እህቱ ፊት ግን ይበላል፤ እነሱን አያገባማ። ፋሲካ ላይ ጉርሻሽን የመለሰው ስለናቀሽ አይደለም አለቻት። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ይህችን ሴት እኔ እንደ እህት አላያትም ማለቱ ነበር።

«ባለፈው ሳምንትስ?» አለች ፍቅርተ። መልሱን እያወቀችው ነበር የጠየቀችው።

«ትቶሻል» አለች ኛሪየክ። «ትሄዳለች ብሎ ልቡን ቆረጠ። ዘመድ አደረገሽ።»

ያን ቀን ፍቅርተ ቤቷ ገብታ መቀመጥ አልቻለችም። ጩዎል ያመጣላትን መጽሐፍ አንሥታ አስቀመጠች። የገዛ ፈገግታዋ ትዝ እያላት ተቃጠለች፤ እሱ ልቡን እየቀበረ እሷ ፊት ለፊቱ ተቀምጣ ደስ ይላት ነበር። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይላሉ፤ እሷ ደግሞ አፍሳ በመልቀም ፈንታ ረግጣው ነበር። ዓመቱን ሙሉ ያነበበችው ሁሉ አንድ ነገር አስተምሯት ነበር፤ ሰው በአንድ ገጽ አይፈረድበትም። መጽሐፍ ላይ ሲሆን ይህን ታውቃለች። የምትወደውን ሰው ግን ፊቱን አንድ ጊዜ ስላዞረ ፈርዳበት በሩን ዘጋችበት። በዚህ አለቀሰች፤ ለዝውውሩ አላለቀሰችም።

በማግሥቱ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን እንደወጣች እህል ሳትቀምስ ወደ ኒውላንድ ሰፈር ሄደች፤ ጩዎል ከእናቱ ጋር የሚኖረው እዚያ ነው። መንገዱ ጭቃ ነበር። ኛሪየክ እስከ አጥሩ ሸኘቻትና ቆመች። ከዚህ በኋላ ያለውን ራስሽ ተወጪው ብላት ተመለሰች።

ጩዎል ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ነበር። ሲያያት ብድግ አለ፤ ፊቱ ላይ አንድ ነገር በርቶ ወዲያው ጠፋ። ልትሰናበት የመጣች መስሎታል። እናቱን ሁሉም ማን ጩዎል ነው የሚላት፣ የጩዎል እናት ማለት ነው። እንደ ልጇ ረጅም፣ ፀጉሯ የሸበተ፣ አማርኛ የማትሰማ ሴት ናት። በኑዌርኛ «ማሌ» ብላ ሰላም አለቻትና እጇን ይዛ አስገባቻት። ጩዎል በዝቅተኛ ድምፅ መቼ እንደምትሄድ ጠየቃት። ፍቅርተ በመንገድ ላይ ያዘጋጀችው ንግግር ሁሉ፣ ያ የአማርኛ መምህርት ንግግር፣ ከአፏ ጠፍቶባት ነበር።

ማን ጩዎል ወደ ጓዳ ገብታ ኮፕ ይዛ ተመለሰች፤ እንደ ቆሎ ፍሬ ፍሬ ብሎ የተሠራ የማሽላ ምግብ ነው፣ ወተት ፈስሶበታል። አንድ ሳህን ነው ያመጣችው። በልጇና በእንግዳዋ መካከል አኖረችና ሁለት ማንኪያ አስቀመጠች። ልጇ እዚህች ሴት ቤት ገብቶ ፊቷ እንደበላ ሰምታለች፤ ስለዚህ ለእህትና ለወንድም እንደሚቀርበው አቀረበችላቸው። በእናት ደግነት የቀረበው ያ ሳህን ለፍቅርተ እንደ ፍርድ ሆኖ ታያት።

ርቧት ነበር። ጩዎል አንገቱን ደፍቶ ማንኪያውን አነሣ። ፍቅርተ ሁለት እጇን ሳህኑ ላይ አድርጋ ቀስ ብላ ወደ እናቱ ገፋችው።

የማን ጩዎል ፊት ተለወጠ። ደገኛ የእጇን ምግብ ሲመልስባት የመጀመሪያዋ አልነበረም መሰለኝ። ጩዎልም ቀና አለ፤ ዓይኑ ውስጥ ያለውን ቁስል ፍቅርተ ወዲያው ለየችው፤ ፋሲካ ዕለት እሷ ውስጥ የነበረው ነው።

«ርቦኛል» አለች፣ እናቱን እያየች። «የእጅዎን ምግብ ብበላ ደስ ይለኛል። ግን ጩዎል ፊት አልበላም።»

እናቱ ወደ ልጇ ዞራ ጠየቀችው፤ ምን አለች ማለቷ እንደሆነ ለማወቅ ትርጉም አላስፈለገም። ማንኪያው ጩዎል እጅ ላይ እንደቀረ ነበር።

«ተርጉምላቸው» አለችው ፍቅርተ።

«ይህን እኔ…» አለና ቆመ። «ይህን ሌላ ሰው ቢተረጉመው ይሻላል።»

«ሌላ ሰው የለም። የሰውን ነገር ሁሉ ስታሻግር ትውላለህ፤ ዛሬ የራስህን አሻግር።»

ተረጎመው። በምክር ቤቱ አዳራሽ ያለ ማይክሮፎን እስከ ኋላ ወንበር የሚሰማው ድምፅ እናቱ ዘንድ ለመድረስ ተቸገረ። ማን ጩዎል ሰምታ ፍቅርተን ከእግር እስከ ራስ አየቻት፤ ጫማዋን፣ ጭቃውን፣ ነጠላዋን፣ ያበጠ ዓይኗን። ከዚያ አንድ ነገር ተናገረች።

«ያን ቀን ልጄ ፊትሽ በልቷል፣ እሱስ እንዴት ይሆናል ትላለች» አለ ጩዎል።

«ያን ቀን አላወቅኩም ነበር። ባውቅ ኖሮ ሳህኑን እደፋው ነበር በልልኝ።»

ይህንንም ተረጎመ። እናቱ ደግሞ አጭር ጥያቄ ጨመረች፤ ይኸኛውን ግን ጩዎል ቶሎ አላወጣውም። ፍቅርተን በቀጥታ አያት፤ ማንጎው ሥር ሲከራከሩ ሲሸሸው በኖረው ዓይን አያት፣ ወደ የትም አልዞረም።

«ይሄዳሉ አይደለም ወይ፣ ደገኞች ሁልጊዜ ይሄዳሉ ትላለች» አለ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እኔም እጠይቃለሁ» አላት።

«አልሄድም» አለች ፍቅርተ። «ነገ ጠዋት ቢሮ ሲከፈት ደብዳቤውን እመልሳለሁ። ወንድሜ ይቆጣል፣ ይቆጣ። አገሬ ቄስ አለ፣ አገርህ ፓስተር አለ፣ ሁሉም የሚለው ይኖረዋል፤ እሱንም እንሰማለን። አንተን ግን ሳልጨርስህ አልዘጋህም።»

ይህን መጨረሻውን አልተረጎመውም። እናቱም መስማት አላስፈለጋትም፤ ልጇን እያየችው ነው። ማን ጩዎል ከልጇ እጅ ማንኪያውን ወሰደች። አጭር ነገር ተናገረች፣ ጠንከር አድርጋ። ጩዎል ተነሣ።

«ምን አሉህ?» አለችው ፍቅርተ ደንግጣ።

ጩዎል በሩ ላይ ደርሶ ዞረ። ግንባሩን የጣራው ክፈፍ ነክቶታል፤ አልተሰማውም።

«ውጣ አለችኝ» አላት። «እንግዳዋ ርቧታል፣ አንተ እያለህ አትበላም፣ ውጣ አለች።»

ወጣ። ማን ጩዎል ሳህኑን ወደ ፍቅርተ መልሳ ሳበችና ማንኪያውን በእጇ አስያዘቻት፤ ጀርባዋንም በመዳፏ አንድ ጊዜ መታ አደረገቻት። ፍቅርተ በላች። እንባዋ ወተቱ ላይ ይወርዳል፣ እሷ ግን ትበላለች። ደጅ ጭቃው ላይ የጩዎል እግር ከአጥሩ እስከ በሩ፣ ከበሩ እስከ አጥሩ ሲመላለስ ይሰማታል። እሱም እንደ እሷ መቀመጥ አቅቶታል። በእጇ ምልክት ጨርሺ የምትላት ሴት ፊት ለፊቷ ቆማለች፣ ሳህኑ ገና ግማሽ ነው። በሕይወቷ እንዲህ የጣፈጣት እህል አልነበረም፤ እንዲህ ቶሎ እንዲያልቅላት የፈለገችውም የለም።